አደራ በኪራይ

ባለፈው ሰሞን ሜሪላንድ የምትኖረው ታላቅ እህቴ በቪዲዮ ደወለችልኝ። እሷ ጋ ገና ከሰዓት በኋላ ነው፤ እኔ ጋ ግን እኩለ ሌሊት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ስልኩን ዞር አድርጋ ሳሎኗን አሳየችኝ። ሶፋው የለም። ማለቴ አለ፤ ካርቶን ውጦታል። ጀበና፣ ሲኒ፣ ረከቦት፣ ነጠላ፣ የሐበሻ ቀሚስ። በኢንተርኔት ገበያ መሸጥ ከጀመረች ሁለት ዓመት አልፏታል። ማታ ከሥራ ስትመለስ ታሽጋለች፣ ጠዋት ሥራ ከመግባቷ በፊት ፖስታ ቤት ትሰለፋለች።

«አንቺ ጋዜጠኝነት ተምረሻል አይደል? እስቲ አንድ ነገር አጥኚልኝ» አለችኝ። «ዕቃዬን ለአማዞን መጋዘን ልስጠው? ለሌላ አስቀማጭ ልስጠው? ወይስ ወገቤ እስኪቆረጥ ራሴ ላሽግ?»

ጥያቄው እንዲሁ የመጣ አይደለም። ዓምና ስሟን የማልጠራት አንዲት ትንሽ መጋዘን ጋ አርባ ጀበና አስቀምጣ ነበር። ገሚሱ ገዢው ቤት አንገቱ ተሰብሮ ደረሰ። ማን ሰበረው? መጋዘኗ አጓጓዡን፣ አጓጓዡ አስተሻሸጉን፣ ሁሉም እህቴን። ገዢዎቹ ደግሞ የሚያውቁት የእህቴን ስም ብቻ ስለሆነ የስድብ አስተያየቱ የተጻፈው በእሷ ስም ሥር ነው። «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ያለው ሰው ጀበና በፖስታ ልኮ ያውቅ ይሆን እንዴ?

ፈረንጆቹ ይህን ሥራ «ፉልፊልመንት» ይሉታል። ነገሩ ቀላል ነው፦ የሻጩን ዕቃ ተረክቦ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ፣ ትዕዛዝ ሲመጣ ማንሳት፣ ማሸግ፣ መላክ፣ ሲመለስም መቀበል። እኛ ዘንድ ይህን የሚመስል አንድ ትልቅ ቃል አለ፤ አደራ። ልዩነቱ የእኛ አደራ በነጻ መሆኑና ዳኛውም ኅሊና መሆኑ ነው። የነሱ በወር ይከፈልበታል።

እኔም ዋጋ ላወዳድር ተነስቼ ታሪክ ውስጥ ገባሁ። ምክንያቱም ዋጋው በየዓመቱ ይቀያየራል፤ ጥያቄው ግን ከመቶ ዓመት በላይ አልተቀየረም። ዕቃው ማን እጅ ላይ ነው? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሺካጎ፦ በሩብ ሰዓት የተሸነሸነ መጋዘን

ታሪኩ ኢንተርኔት ከመፈጠሩ እጅግ አስቀድሞ ይጀምራል። በ1872 አሮን ሞንትጎመሪ ዋርድ የተባለ ነጋዴ ሺካጎ ላይ የዕቃና የዋጋ ዝርዝር አትሞ ለገበሬዎች መላክ ጀመረ። በ1886 ደግሞ ሚኒሶታ ውስጥ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ የነበረው ሪቻርድ ሲርስ፣ አንድ ባለሱቅ አልቀበልም ያለውን የኪስ ሰዓት ገዝቶ ለሌሎች ጣቢያ ሠራተኞች መሸጥ ያዘ። በ1893 «ሲርስ ሮባክ» የሚባለው ኩባንያ ስሙን አገኘ።

ያኔ የአሜሪካ ገበሬ የሚገዛው ከአንድ የመንደር ሱቅ ነው፤ ባለሱቁ በቆረጠለት ዋጋ። በተለይ በደቡብ ለሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ባለሱቁ ነጋዴ ብቻ ሳይሆን ጌታም ነበር። ነጮቹ ተስተናግደው እስኪያበቁ ቁሙ ይባላሉ፣ ዱቤውም ማነቆ ነው። የካታሎግ ትዕዛዝ ግን መልክ አይቶ አይመርጥም። ገንዘቡንና ደብዳቤውን መላክ ብቻ ነው። እንግዲህ ዕቃን ከሩቅ የማድረስ ሥራ ሲጀመር ሰውን ነጻ የሚያወጣ ገጽታም ነበረው፤ ይህን መካድ አይገባም።

ችግሩ ትዕዛዙ ሲበዛ መጣ። ዕቃ ይዘገያል፣ ይሳሳታል፣ ተመልሶ ይመጣል። ሲርስ መልሱን ያገኘው በ1906 ሺካጎ ምዕራብ ላይ በከፈተው፣ አርባ ኤከር ገደማ በሚሸፍን ግቢ ውስጥ ነው። ባቡር ግቢው ድረስ ይገባል፤ ወረቀት በአየር ግፊት ቱቦ ይበራል፤ ዕቃ በተንቀሳቃሽ ቀበቶ ይጓዛል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ኦቶ ዶሪንግ የተባለው ኃላፊ ያወጣው የሰዓት ሥርዓት ነው። እያንዳንዱ ትዕዛዝ የራሱ ሩብ ሰዓት ይሰጠዋል። ጫማው ከጫማ ክፍል፣ ድስቱ ከድስት ክፍል በዚያች ሩብ ሰዓት ውስጥ መሰብሰቢያው ጋ መድረስ አለበት። ዛሬ «አልጎሪዝም» የምንለው ነገር ያኔ ማኅተምና ወረቀት ነበር።

መንግሥትም እጁን አስገብቷል። በ1896 ፖስታ ወደ ገጠር ቤቶች በነጻ ማድረስ ተጀመረ። በጥር 1 ቀን 1913 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ጥቅል መቀበል ጀመረ፤ ከዚያ በፊት ከአራት ፓውንድ በላይ የሚመዝን ዕቃ የግል አጓጓዦች ሲሳይ ነበር። የግል ነጋዴው የበለጸገው በሕዝብ ፖስታ ጀርባ ላይ ተፈናጥጦ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በሲርስ ዘመን የዕቃውም የመደርደሪያውም ጌታ አንድ ነው። ድስቱ ቢሰበር የሚጠየቀው ሲርስ፣ ትርፉን የሚበላውም ሲርስ። አደራ የሚባል ነገር አልነበረም።

ኢቤይ፦ ሁሉም የራሱ ተሸካሚ

ሲርስ ትልቁን ካታሎግ በ1993 ዘጋ። በሚቀጥለው ዓመት ጄፍ ቤዞስ አማዞንን አቋቋመ። ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ታሾፋለች።

በ1995 ፒየር ኦሚድያር በኋላ «ኢቤይ» የተባለውን የጨረታ ገጽ ከፈተ። መጀመሪያ የተሸጠው ዕቃ የተሰበረ የሌዘር ማመልከቻ ነው፤ በ14 ዶላር ከ83 ሳንቲም። ኢቤይ መጋዘን አልነበረውም። ሻጭና ገዢን አገናኝቶ ኮሚሽኑን ይቆርጣል፤ ደላላ ነው። ማሸጉ፣ ፖስታ ቤት መሰለፉ፣ «ዕቃዬ የት ደረሰ?» ለሚል ገዢ መልስ መስጠቱ የሻጩ ሥራ ነው።

የዚህ መንገድ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ዕቃው እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ በሻጩ እጅ ነው፤ ጀበናውን በስንት ጋዜጣ መጠቅለል እንዳለበት የሚያውቀውም እሱ ነው። ጉዳቱም ግልጽ ነው። የእህቴን ሳሎን አይታችኋል። በቀን አምስት ትዕዛዝ ደስታ ነው፤ ሃምሳ ሲሆን ሕመም ነው። ሻጩ ስለ ዕቃው የሚያስብበት ጊዜ ሁሉ የማሸጊያ ፕላስተር ሲቀድ ያልቃል።

አማዞን፦ መጋዘኑን ያከራየው ነጋዴ

አማዞን መጀመሪያ እንደ ሲርስ ነበር፤ ራሱ ገዝቶ ራሱ ይሸጣል። በ1999 ለሌሎች ነጋዴዎች በሩን ከፈተ፣ በ2000 ደግሞ የሌሎችን ዕቃ ከራሱ ዕቃ ጎን በአንድ ገጽ ላይ አሰለፈ። በ2005 «ፕራይም» መጣ፤ በዓመት 79 ዶላር ከፍሎ ዕቃን በሁለት ቀን ያለ ተጨማሪ ክፍያ መቀበል። ገዢው ለመደ። የለመደ ደግሞ ሦስት ቀን አይጠብቅም።

እንግዲህ አንድ ግለሰብ ከሳሎኑ ተነስቶ በሁለት ቀን አሜሪካን ዳር እስከ ዳር ሊያዳርስ ነው? አይችልም። በመስከረም 2006 አማዞን መፍትሔውን ይዞ ቀረበ፤ ዕቃችሁን ላኩልኝ፣ አስቀምጬ፣ አሽጌ፣ እልክላችኋለሁ። «ፉልፊልመንት ባይ አማዞን» ይባላል። ሻጩ ባርኮድ ይለጥፋል፣ ካርቶኑን ይልካል፣ ይተኛል። ትዕዛዙ ሌሊት ቢመጣ መጋዘኑ አይተኛም።

ክፍያው እንዲህ ይደራረባል። ከሽያጩ ኮሚሽን አለ፤ ለብዙ ዓይነት ዕቃዎች ከመቶ 8 እስከ 15 ይደርሳል። በየአንዳንዱ ዕቃ መጠንና ክብደት የማንሻና የመላኪያ ክፍያ አለ። በሚይዘው ቦታ ልክ ወርሃዊ ኪራይ አለ፤ ይህም ፈረንጆቹ ለገና በሚገበያዩባቸው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ይንራል። ሳይሸጥ የከረመ ዕቃ ተጨማሪ ይከፈልበታል። በአጭሩ፣ የሚሸጥ ዕቃ ይከፍላል፤ የማይሸጥ ዕቃ የበለጠ ይከፍላል።

ሥራው አልሠራም አልልም፤ ሠርቷል። ቤዞስ ለባለአክሲዮኖች በጻፈው ደብዳቤ መሠረት በአማዞን ላይ ከተሸጠው ዕቃ የውጭ ሻጮች ድርሻ በ1999 ከመቶ 3 ነበር፤ በ2018 ከመቶ 58 ደርሷል። በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ነጋዴዎች መጋዘን ሳይሠሩ፣ መኪና ሳይገዙ ባለ አገር አቀፍ ሱቅ ሆኑ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ግን ደግሞ እናንተዬ፣ አደራ ተቀባዩ ራሱ ነጋዴ ሲሆንስ? ጎረቤትሽ በጎችሽን ይጠብቅልሻል፤ እሱም በግ ይሸጣል፤ የገበያው በርም የእሱ ነው። ጥያቄው ያለው እዚህ ላይ ነው። ገዢው የሚፈልጋት የፕራይም ምልክት ዕቃውን ለአማዞን ላልሰጠ ሻጭ በቀላሉ አትገኝም። በ2015 ሻጮች ራሳቸው እየላኩ ምልክቷን የሚያገኙበት መንገድ ተከፈተ፤ በ2019 ለአዲስ ገቢዎች ተዘጋ፤ በ2023 እንደገና ተከፈተ። በሩን የሚከፍተውም የሚዘጋውም አንድ እጅ ነው።

ጉዳዩ ዳኛ ፊትም ቀርቧል። በታኅሣሥ 2021 የጣሊያን የውድድር ባለሥልጣን፣ አማዞን የራሱን የማድረስ አገልግሎት የሚጠቀሙ ሻጮችን አድልቶ ሌሎቹን ጎድቷል ብሎ 1.13 ቢሊዮን ዩሮ ቀጣው፤ አማዞንም ይግባኝ አለ። በታኅሣሥ 2022 የአውሮፓ ኮሚሽን ሻጮች አጓጓዣቸውን በነጻነት እንዲመርጡ የሚያስችል ግዴታ አስገባው። በመስከረም 2023 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽንና 17 ግዛቶች ከሰሱት፤ ክሱ ክፍያዎቹ ተደማምረው ከሻጮች ገቢ ወደ ግማሽ ይጠጋሉ ይላል። አማዞን ክሱን አይቀበልም፤ አገልግሎቱ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው ባይ ነው። አዎ፣ በፈቃደኝነት ነው። ዣንጥላም በፈቃደኝነት ነው፤ ክረምት እስኪገባ።

ቻይና፦ ባለ መኪናውና ባለ ኮምፒውተሩ

ሁለቱ የቻይና ኩባንያዎች ይህንኑ ጥያቄ በተቃራኒ መንገድ መልሰውታል። ጄዲን ያቋቋመው ሊዩ ቺያንግዶንግ በ1998 ቤጂንግ ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ መሸጫ ነበረው። በ2003 የሳርስ ወረርሽኝ ሰዉን ቤት ሲያስቀምጠው ወደ ኢንተርኔት ዞረ። በ2007 የራሱን መጋዘንና የራሱን አድራሽ ሠራተኛ ማደራጀት ጀመረ። ብዙ ገንዘብ የሚበላ መንገድ ነው፤ ነገር ግን ዕቃው ከፋብሪካ እስከ በር ከአንድ እጅ አይወጣም። በ2017 ያንኑ የማድረስ ክፍል ለብቻው አቋቁሞ ለሌሎች ነጋዴዎችም በሰፊው አቀረበው።

አሊባባ ደግሞ መኪና መግዛት አልፈለገም። በ2013 ከትልልቅ አጓጓዦች ጋር ሆኖ «ካይኒያው» የሚባል ድርጅት አቋቋመ። ካይኒያው ሲጀምር ሥራው መሸከም ሳይሆን ማቀናጀት ነበር፤ የትኛው ጥቅል በየትኛው መንገድ፣ በየትኛው አጓጓዥ ይሂድ የሚለውን በኮምፒውተር መወሰን። የመርካቶን ተሸካሚዎች ሁሉ በአንድ ፉጨት የሚያሰማራ አለቃ አስቡ። በኋላ ግን እሱም ወደ ራሱ መጋዘኖች ገባ። መሬት ሳይነኩ ዕቃ ማድረስ ብዙ አያስኬድም።

ይህ ታሪክ እኛንም ይነካል። በኅዳር 2019 ኢትዮጵያ ከአሊባባ ጋር የኤሌክትሮኒክ የዓለም ንግድ መድረክ ለመመሥረት አዲስ አበባ ላይ ተፈራረመች። በታኅሣሥ 2020 ካይኒያውና የኢትዮጵያ አየር መንገድ ክትባትና መድኃኒት በቅዝቃዜ የሚጓጓዝበት ከሼንዜን በአዲስ አበባ በኩል ወደ አፍሪካ የሚዘልቅ የአየር መስመር ከፍተዋል። እንግዲህ አደራ ተቀባዮቹ ደጃችን ደርሰዋል ማለት ነው።

ሾፒፋይ፦ የሞከረውና የተወው

ሌላ ሦስተኛ መንገድም ነበር። የካናዳው ሾፒፋይ ለሻጮች የራሳቸውን ድረ ገጽ የሚሠራ ኩባንያ ነው፤ በሻጩና በገዢው መካከል አይገባም። በ2019 «ለእናንተ መጋዘን እኔ እሆናለሁ» አለ። በ2022 ዴሊቨር የተባለውን የማድረስ ኩባንያ በ2.1 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ገና ዓመት ሳይሞላው፣ በግንቦት 2023፣ የማድረስ ሥራውን ለፍሌክስፖርት አስተላልፎ ሠራተኞችንም ቀነሰ። ዕቃቸውን ሾፒፋይን አምነው ያስቀመጡ ሻጮች አንድ ጠዋት ሲነሱ አደራ ተቀባያቸው ተቀይሯል። ከዚህ የተማርኩት፣ የአስቀማጩ ገርነት ብቻ ዋስትና አለመሆኑን ነው። ገር አስቀማጭም ይደክመዋል።

መደርደሪያው ሥር ያለው ሰው

«በሁለት ቀን ይደርሳል» የሚለው ቃል የሚፈጸመው በሰው እግርና ወገብ ነው። አማዞን በ2012 ኪቫ የተባለውን የሮቦት ኩባንያ በ775 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ መደርደሪያውን ራሱን ወደ ሠራተኛው ማስመጣት ጀመረ። ሠራተኛው ግን አሁንም አለ፤ ፍጥነቱን የሚለካው ደግሞ ኮምፒውተር ነው።

ሚኒያፖሊስ አጠገብ ሻኮፒ በምትባል ከተማ ባለው መጋዘን ከሚሠሩት ብዙዎቹ ምሥራቅ አፍሪካውያን፣ በተለይም ሶማሌዎች ናቸው። በታኅሣሥ 2018 በር ላይ ወጥተው ስለ ሥራው ፍጥነትና ስለ ጸሎት ሰዓት ጮኹ። በሐምሌ 2019 በፕራይም ትልቁ የሽያጭ ቀን ሥራ አቁመው ወጡ። በ2023 የሚኒሶታ ግዛት መጋዘኖች የሥራ ኮታቸውን ለሠራተኛው በጽሑፍ እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። ሪቻርድ ሲርስ የባቡር ጣቢያ የጠበቀባት ሚኒሶታ መሆኗን ልብ ላለ ሰው ታሪኩ ዞሮ ቤቱ ገባ ያሰኛል።

ለእህቴ የላክሁት መልስ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለእህቴ የላክሁላት ሦስት ጥያቄ ነው። የዋጋ ሠንጠረዥ ስትጠብቅ ነበር፤ ተናደደችብኝ። ግን ዋጋውን ከነዚህ ጋር ካላየችው ምንም አይነግራትም።

አንደኛ፣ ዕቃው ሳይሸጥ ቢቀመጥ ምን ያስከፍላል? ነጠላ ቀላል ነው፣ ይታጠፋል፣ ቶሎ ይሸጣል፤ መደርደሪያ ላይ ብዙ ቦታ አይበላም። ረከቦት ሰፊ ነው፣ ቀስ ብሎ ይሸጣል፤ ኪራዩ ትርፉን ይበላዋል።

ሁለተኛ፣ ገዢው የማን ደንበኛ ነው? ትልቁ ገበያ ውስጥ ገዢው የገበያው ነው፤ አድራሻውን ይዞ በኋላ «አዲስ ቀሚስ ገብቷል» ማለት አይቻልም። በራሷ ገጽ ሸጣ በግል መጋዘን ብታስልክ ደንበኛው የእሷ ነው፤ ግን ፈልጎ የሚያገኛት ሰው ያንሳል። የግል መጋዘኖች ለመረከቢያው፣ ለቦታው፣ ለማሸጊያው፣ ለመላኪያው ለየብቻ ያስከፍላሉ፤ ስለዚህ ወርሃዊውን ሒሳብ ሁሉንም ደምሮ ማየት ነው።

ሦስተኛ፣ መለያየት ቢመጣ ዕቃው እንዴት ይመለሳል? ለማስወጣት ስንት ይከፈላል? ሲሰበርስ ማን ይከፍላል? ይህን ውሉ ላይ ሳያነቡ ዕቃ መላክ፣ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚባለውን መሆን ነው።

እህቴ ዕቃዋን ለሁለት ከፈለችው። ነጠላና ቀሚሱን፣ ይኸውም የሚታጠፈውንና የማይሰበረውን፣ ወደ ትልቁ መጋዘን ላከች። ጀበናውን ግን አልሰጠችም። «እሱን ለማንም አላምንም» አለችኝ። አሁን ማታ ማታ በአሥር ጀበና ብቻ ትቀመጣለች፤ አንገቱን በጨርቅ፣ ሆዱን በወረቀት ትጠቀልላለች፤ ውስጡ «መጀመሪያ በውኃ አፍልታችሁ ድፉት» የምትል ብጣሽ ወረቀት ትጨምራለች። ሶፋው ታይቷል።

እኛስ? አዲስ አበባ ላይ በቴሌግራም ልብስና ጫማ የሚሸጡ እኩዮቼ ገና ኢቤይ ዘመን ላይ ናቸው። ዕቃው አልጋ ሥር ነው፤ አድራሹ ባለ ሞተር ነው፤ አድራሻው «ስትደርስ ደውልልኝ» ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ትልልቅ መጋዘኖችም አንድ ቀን ይከፈታሉ። ያን ቀን አንዱ መጥቶ «ዕቃሽን ስጪኝ፣ አንቺ ተኚ» ሲል ደስ ይለናል፤ ደስ ሊለንም ይገባል፤ ወገብም ያርፋል። ብቻ ከመተኛታችን በፊት አንድ ነገር እንጠይቅ፦ ይህ ሰው አደራ ተቀባይ ነው፣ ነጋዴ ነው ወይስ ባለ በር? ሦስቱንም ከሆነ ቢያንስ ጀበናዋን እናስቀር።